በጦርነት ዘመን የተዘፈነ እሹሩሩ

የቬትናም ጦርነትና ዘፈን አብረው ሲነሡ፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሱት እንደ ፒት ሲገርና እንደ ፊል ኦክስ ያሉት አሜሪካውያን ናቸው። ይሁን እንጂ ቦምቡ ይወርድ የነበረው በሌላ አገር ላይ ነው፤ በዚያም አገር ጦርነቱን የሚቃወም ዘፈን ነበረ። የዚህም ዘፈን ዋና ደራሲ ትሪን ኮንግ ሶን ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ሶን በ1939 ዓ.ም. በደጋማው በዳክላክ ተወልዶ፥ በጥንቷ የነገሥታት ከተማ በህዌ አደገ። በ1954 በጄኔቭ ስምምነት አገሪቱ በ17ኛው የኬክሮስ መስመር ላይ ለሁለት ስትከፈል የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር። መምህርነት ተምሮ ጥቂት ጊዜ ካስተማረ በኋላ፥ ወታደር ላለመሆን እየተሸሸገ መኖር ጀመረ። ሳይጎን ውስጥ ከሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ ግቢ ኋላ «ኳን ቫን» የሚባል የተማሪዎች ቡና ቤት ነበር። ሶን በዚያ ጊታሩን ሲመታ፥ ካኝ ሊ የተባለች ወጣት ባዶ እግሯን ቆማ ድርሰቱን ትዘፍን ነበር።

ዘፈኖቹን ለሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ይበልጥ አስደናቂ የሚያደርጋቸው መልካቸው ነው። ሶን የሰልፍ መዝሙር አልጻፈም። የወሰደው ማንኛዋም የገጠር እናት የምታውቀውን እሹሩሩ ነው። «መድፍ ሌሊቱን ያስተኛል» ለማለት በሚቀርበው ዘፈኑ፥ ልጅን ማባበል የሚገባውን የእናት ድምፅ ቦታ የመድፉ ድምፅ ይወስደዋል። «ተኛ ልጄ» በተባለው ደግሞ እናት የምታስተኛው ልጅ ወታደር ሆኖ የሞተ ነው፤ እሹሩሩውም ሙሾ ሆኖ ይቀራል። ልጇን የገደለው የየትኛው ወገን ጥይት እንደ ሆነ አትጠይቅም። በ1968 ከቴት ዘመቻ በኋላ፥ በህዌ የደረሰውን እልቂት ተመልክቶ ስለ ሬሳዎች በጻፋቸው ሁለት ዘፈኖችም ይኸው ዝምታ ይታያል፤ ሬሳው ይለቀስለታል እንጂ ሰንደቅ ዓላማው አይጠየቅም። በ1967 የወጣው የዘፈኖቹ መድበል «የቢጫ ቆዳ ዘፈኖች» መባሉም በከንቱ አይደለም፤ በቆዳው መልክ ሰሜኑም ደቡቡም አንድ ነውና።

አሜሪካዊው ዘፋኝ የሚናገረው በሩቅ አገር ለሚዋጋ ለራሱ መንግሥት ነው፤ ስለዚህ «አልዘምትም» ቢል ነገሩ ያልቅለታል። ለሶን ግን ጦርነቱ በደጁ ነበረ፥ የሚወቀሰውም መንግሥት አንድ ብቻ አልነበረም። በ1965 በጻፈው «የእናት ውርስ» በተባለው ዘፈን፥ የቻይናን የሺህ ዓመት አገዛዝና የፈረንሳይን መቶ ዓመት ቈጥሮ፥ ሦስተኛውን ዘመን የእርስ በርስ ጦርነት ብሎ ሰየመው። ይህ አንድ ቃል ሁለቱንም ወገን አስቈጣ። ሰሜኖቹ ጦርነቱን የሚያውቁት አሜሪካን ለማስወጣት የሚደረግ ተጋድሎ ብለው ነበር፤ በእነርሱም ዘንድ የዘፈን ሥራ የቦምቡን ድምፅ እንዲያሸንፍ ሕዝቡን ማደፋፈር ነው። የሳይጎን መንግሥት በበኩሉ በ1969 የሶንን ዘፈኖች ከለከለ። በእርግጥም ለሞተ ወታደር የሚዘፈን እሹሩሩ ወጣት ለመመልመል አይረዳም።

ክልከላው ግን የታሰበውን ያህል አልሠራም። የካኝ ሊ ድምፅ በቴፕ ክር እየተቀረጸ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ የመንግሥቱ ወታደሮች ሳይቀሩ ያደምጡት ነበር። ጦርነቱን ያቆመው ዘፈን ነው ማለት አይቻልም፤ ጦርነቱ የተፈጸመው በታንክ ነው። ዘፈኑ ያደረገው ሌላ ነገር ነው፤ ሁለት ሠራዊት በሚዋጋበት አገር የአንድ ሕዝብ ልቅሶ እንዳይከፈል ጠበቀ።

ሳይጎን በተያዘችበት ዕለት፥ ሚያዝያ 30 ቀን 1975፥ ሶን በከተማይቱ ሬዲዮ ቀርቦ ሰሜንና ደቡብ እጅ ለእጅ እንዲያያዙ የሚጠራውን «ታላቁን ክብ እናያይዝ» የተባለውን ዘፈኑን ዘፈነ። ካኝ ሊ ግን ወደ አሜሪካ ተሰደደች። አዲሱም መንግሥት የሶንን የጦርነት ዘመን ዘፈኖች በጥርጣሬ ያያቸው ነበር። ሶን በ2001 ሲሞት ቀብሩ ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ በሬዲዮ የዘፈነው ያ ዘፈን ሳይቀር የመድረክ ፈቃድ በይፋ ያገኘው ገና በ2017 ነው። በ2022 ካኝ ሊ በ77 ዓመቷ በዳላት ከተማ መድረክ ላይ ወጥታ «የእናት ውርስ»ን ዘፈነች። ዘፈኑ ፈቃድ አልነበረውምና ባለሥልጣኖቹ ምርመራ ከፈቱ።