የግራና ወንዝና የቤተ ክርስቲያን ልመና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰሜን ወሎ ሐብሩ ወረዳ፣ በመርሳ አቅራቢያ የምትገኘውን ግራናን የጎበኘ ሰው፣ ከደጋው ወርዶ ወደ አፋር ቆላ የሚፈሰው ወንዝ በመስኖ ተጠልፎ የሽንኩርትና የፍራፍሬ ማሳ ሲያለመልም ይመለከታል። ይህ ለምለም ሸለቆ ግን በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በረኃብ የተፈተነችው የወሎ ክፍል ነው፤ ከወንዝ የራቀው ገበሬ ያን ጊዜ ዓይኑን ወደ ሰማይ አቅንቶ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን በቅዳሴዋ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃና ስለ ምድር ፍሬ ትማልዳለች። ይህ ልመና ከግራና በስተ ደቡብ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለዘመናት ሲደርስ ኖሯል።

እንግዲህ ሁሉም የለመነው ውኃ የሁሉም በረከት ነው። ከላይ ያለው ቦዩን ሲጠልፍ ከታች ያለውን ወንድሙን ያስብ፤ እኛም ካገኘነው ለተራበው እናካፍል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።