ድንበር የተሻገረው ጭስ

መተማ ዮሐንስን ከገላባት የሚለየው ጠባብ ወንዝ ነው፤ ሰው ድልድዩ ላይ ይፈተሻል፣ ነፋሱ ግን እንዳሻው ያልፋል። የድንበር ከተማ የኬሚስትሪ መምህር ስለሆንሁ የድኝ ጭስን ሳስተምር የምጀምረው ከሌላ የድንበር ከተማ፣ ከካናዳዋ ትሬል ነው።

ትሬል ላይ እ.ኤ.አ. በ1896 የተተከለ የማዕድን ማቅለጫ አለ። ከአሜሪካ ወሰን 11 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ድኝ ስላለበት፣ ሲቃጠል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ክብሪት ሲጫር አፍንጫ የሚሰነፍጠው ያ ነው። በ1930 በየቀኑ 300 ቶን ድኝና ከዚያም በላይ በጭስ ይወጣ ነበር። ጭሱ የኮሎምቢያን ወንዝ ሸለቆ ይዞ ወረደና በዋሽንግተን ግዛት የኖርዝፖርትን አካባቢ ሰብልና ዛፍ አደረቀ። ቀደም ብለው ከ120 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ሁለት ጭስ ማውጫዎች አቁመው ነበር፤ ማስረዘሙ ጭሱን አራቀው እንጂ አላጠፋውም።

የገበሬዎቹ አቤቱታ ሁለቱን መንግሥታት ለግልግል ዳኝነት አበቃቸው። በ1938 ካሳ ተቆረጠ። በ1941 ደግሞ ማንም አገር ከግዛቱ በሚነሳ ጭስ ጎረቤቱን የመጉዳት መብት እንደሌለው ዳኞቹ ፈረዱ።

ፍርዱ ትልቅ ነው፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ፋብሪካው ውስጥ የተሠራው ነው። ጭሱን በአሞንያ ውሃ አጥበው ጋዙን ያዙት። አሲድ ሲጨምሩበት ንጹሕ ጋዝ ተመልሶ ወጣ፣ የቀረው አሞንየም ሰልፌት ማዳበሪያ ሆነ። በዚያው ዘመን ሃምቡርግ ላይ ጀርመኖች ዚሊዲን የተባለ ፈሳሽ ከውሃ ጋር ቀላቅለው ሞከሩ፤ ኋላም ሶዲየም ሰልፋይት መጣ። የእነዚህ ሥራ የጭነት አህያ ሥራ ነው፦ ቀዝቀዝ ሲሉ ጋዙን ይጭናሉ፣ ሲሞቁ ያራግፋሉ፣ ለሌላ ጭነት ይመለሳሉ። የተራገፈው ጋዝ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል።

ይህ ለቆላ ገበሬ ልጆች ምን ይረባል የሚለኝ አይጠፋም። አገራችን በአፈር ጥናት ብዙ መሬት ድኝ እንደሚያንሰው ካወቀች በኋላ ዳፕ የተባለውን ማዳበሪያ ኤን ፒ ኤስ በተባለው ተክታ ነበር፤ የኤን ፒ ኤስ ከመቶው 7 እጅ ድኝ ነው። በዓለም ገበያ የሚሸጠው ድኝም አብዛኛው ዛሬ ከጉድጓድ አይቆፈርም፣ ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ ማጣሪያ ይለቀማል። ተማሪዎቼ በኤን ፒ ኤስ ከረጢት ላይ የተጻፈው «ኤስ» ከምን እንደመጣ ለአባቶቻቸው እንዲነግሩልኝ እፈልጋለሁ፤ የፈተና ጥያቄ የማደርገውም ለዚሁ ነው።