የጓሮ አትክልት ወቅቶች በደጋና በወይና ደጋ

የጓሮ አትክልት በቤት ዙሪያ ባለች ቁራሽ መሬት ላይ፣ በመጀመሪያ ለቤተሰብ ማዕድ ተብሎ የሚለማ ቅጠላ ቅጠል፣ ሥራ ሥር፣ ቅመምና ፍራፍሬ ነው። እዚህ የሚቀርበው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 3,200 ሜትር ድረስ ባለው የኢትዮጵያ ወይና ደጋና ደጋ የሚሠራበት የጓሮ ሥራ ዘመን ነው። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደሴና ደብረ ብርሃን በዚህ ከፍታ ውስጥ ይገኛሉ። ቆላውና የደቡቡ የእንሰት ጓሮ የየራሳቸው ሥርዓት ስላላቸው አልተካተቱም።

በዚህ ምድር መቼ እንደሚዘራ የሚወስነው ከሙቀት ይልቅ ውኃ ነው፤ ውኃው በክረምት ይበዛል፣ በበጋ ይጠፋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የወራቱ አማካይ ሙቀትም በጥቂት ዲግሪ ነው የሚለያየው። በአውሮፓ ፀሐይ የምትከርባቸው ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ቀኑ የሚቀዘቅዝባቸው ወራት ናቸው። ስለዚህ ከውጭ የመጣ የዘር ፓኬት ጀርባው ላይ የያዘው የወር ሰንጠረዥ ለደጋ ጓሮ አይሆንም።

የቀን ርዝመቱ ነገር በተለይ በሽንኩርት ላይ ይታያል። ቀይ ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው ቀኑ ለዝርያው የሚበቃውን ያህል ሲረዝም ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ በሻንጣ ይዞት የሚመጣው ዘር ብዙውን ጊዜ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርሃን የሚሻ ዓይነት ነው፤ እዚህ ሲዘራ ቅጠሉ እየለመለመ ራስ ሳያወጣ ይቀራል። ባለቤቱ አፈሩን ይወቅሳል፣ ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ቅጠሉ ይበልጥ ይለመልማል። በሀገር ውስጥ የተለመዱት አዳማ ሬድና ቦምቤይ ሬድ በአጭር ቀን ራስ የሚቋጥሩ ናቸው። የሽንኩርት ዘር ሲገዛ ከዝርያው ሌላ የታሸገበት ዓመትም መታየት አለበት፤ ከአትክልት ዘሮች ሁሉ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ከሚያጡት አንዱ ነውና፣ ሁለት ዓመት የቆየውን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

የወቅቶቹ አከፋፈል

በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር ዓመቱ በአራት ይከፈላል፤ መጸው ከመስከረም 26፣ በጋ ከታኅሣሥ 26፣ ጸደይ ከመጋቢት 26፣ ክረምት ከሰኔ 26 ይጀምራሉ። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ግን ሦስት ያደርጉታል፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ። ለጓሮ ሰው ሁለተኛው ይቀርባል፤ እሱም ቢሆን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ክረምቱ ለአትክልት አንድ ወጥ አይደለም፤ እኩሌታው ጠላት፣ ማለቂያው ደግሞ የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ነው።

ከፍታም የራሱን ይጨምራል። በየ100 ሜትሩ ሽቅብ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። በ1,800 ሜትር ላይ ያለችው ባሕር ዳርና በ2,800 ሜትር ገደማ ያለችው ደብረ ብርሃን በዚህ ስሌት በ6 ዲግሪ ያህል ይለያያሉ፤ አንዱ ዓይነት ካሮት ደብረ ብርሃን ላይ ሳምንታት ዘግይቶ ይደርሳል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ወራት ለአዲስ አበባ አካባቢ የተሰፈሩ ስለሆኑ ሌላው እንደ ከፍታው ያስተካክላቸዋል።

ክረምት

ለጤፍና ለስንዴ የዘር ወቅት የሆነው ክረምት ለጓሮም የዘር ወቅት ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ይሁንና ብዙው አትክልት በሐምሌና በነሐሴ ይጎዳል። ደመናው ፀሐይን ይጋርዳል፣ ቅጠል ቀኑን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ይውላል፣ ሥር በውኃ ውስጥ አየር ያጣል። በዋልካ አፈር ላይ ይህ ይከፋል፤ ጥቁሩ አፈር ውኃ ሲጠጣ አብጦ ስለሚደፈን ትርፉ ውኃ መውረጃ የለውም።

መፍትሔው ያረጀ ግን አስተማማኝ ነው፦ ከፍ ያለ መደብ። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታና ከአንድ ሜትር ብዙም ያልበለጠ ስፋት ያለው መደብ ከሁለቱም ጎን እጅ መሐሉ ድረስ ስለሚደርስ መደቡን መርገጥ አያስፈልግም። በመደቦቹ መካከል ያለው ቦይ ተዳፋቱን ተከትሎ ውኃውን ወደ ውጭ ያንጠፈጥፋል። ሥራው ማለቅ ያለበት በግንቦት ነው፤ እርጥብ ዋልካ ከተቆፈረ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጓጉላል።

በክረምት የሚበረቱት ሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ናቸው። በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ የተተከለ ጎመን በፍልሰታ ጾም ያለ ስስት ይቀነጠሳል። ነጭ ሽንኩርትም ውኃ በማይቋጥር መሬት ላይ በሰኔና በሐምሌ መግቢያ ይተከላል፤ ለዘር ትልልቁ ፍልቃቂ ይመረጣል። ሥሩን የሚያበሰብሰው ነጭ ሻጋታ አንዴ የታየበት መደብ ላይ ግን ነጭ ሽንኩርትም ቀይ ሽንኩርትም ለብዙ ዓመት አይመለሱም፤ በሽታው አፈር ውስጥ ተደብቆ ይቆያል።

ድንች ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው የሚነገርለት ይህ ተክል በደጋው ተመችቶት ኖሯል፤ የክረምቱ እርጥበት ግን ፋይቶፍቶራ ለተባለው በሽታም ይመቸዋል። ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ በኋላ ዝናቡ ካላባራ ማሳው በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊረግፍ ይችላል። ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ ከአካባቢው ድንች የተሻለ ሲቋቋሙ ታይተዋል። በሽታ አምጪው ራሱን ስለሚለዋውጥ ግን በዝርያ ብቻ መተማመን አይበቃም። ኬሚካል መርጨት ለማይፈልግ ጓሮ የሚሻለው ድንቹን ከክረምቱ ማሸሽ ነው፤ ይህ በበልግ ሥር ይመጣል።

የክረምት መውጫ

ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይባላል። ለጓሮ ሰው ግን ከቡሄ በኋላ የሚቀሩት ጥቂት ሳምንታት የዝናብ ጊዜ ከክረምቱ ሁሉ ውድ ናቸው። አፈሩ እስከ ታች ጠግቧል፣ ፀሐይዋ ተመልሳለች፣ ዝናቡም ገና በየመሐሉ ብቅ ይላል። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ በተዘራው ላይ የሚገኘውን ምርት በሌላ ጊዜ ለማግኘት ብዙ ውኃ መቅዳት ያስፈልጋል።

ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣና ቀይ ሽንኩርት በችግኝ መደብ ላይ ይፈላሉ። የነሐሴ ዶፍ ደቃቁን ዘር አጥቦ ስለሚወስደው መደቡ ላይ በሣር ወይም በፕላስቲክ የተከደነ ዝቅተኛ ዳስ ይሠራል። ችግኙ ከመተከሉ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ዳሱ ቀስ በቀስ እየተነሣ ከፀሐይ ጋር ይላመዳል። የሚተከለውም ወደ ማታ ወይም ደመና ባለበት ቀን ነው። ካሮትና ቀይ ሥር በቀጥታ በመደባቸው ላይ ይዘራሉ፤ የካሮት ችግኝ ተነቅሎ ከተተከለ ሥሩ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ካሮት ሲበቅል ሳሳ ሳይደረግ የሚተውበት ምክንያት ስስት ነው፤ በአምስት ሴንቲ ሜትር ርቀት አንድ አንድ ተክል ካልቀረ የሚነቀለው ሁሉ ክር ያህል ይሆናል። በነሐሴ መጨረሻ የተዘራ ካሮት በሦስት ወር ተኩል ገደማ ስለሚደርስ ኅዳር 15 ለሚገባው የነቢያት ጾም ማለቂያ ይበላል።

የሐበሻ ጎመን ዘር የሚያዘው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። ጎመኑ ያለ ብዙ ቅዝቃዜ ስለሚያብብ ሁለትና ሦስት ጠንካራ ተክል ሳይቀነጠስ ከተተወ ለጎረቤት የሚተርፍ ዘር ይሰጣል። ጥቅል ጎመን ከዚሁ ወገን ቢሆንም ለማበብ ለሳምንታት የሚቆይ ጠንከር ያለ ብርድ ይፈልጋል፤ ይህን በአብዛኛው ጓሮ ስለማያገኝ ኮፐንሀገን ማርኬት የሚባለውን ጥቅል ጎመን የሚያለማ ሰው በየጊዜው ዘር ይገዛል። በሶብላም በመስከረም አበባው ይደርሳል፤ ከነአበባው ታጭዶ በጥላ ሥር ደርቆ በጋ ለሚዘጋጀው በርበሬ ይቀመጣል።

በዚህ ወቅት አረሙ ገና እርጥብ ነው፣ ዘር አላፈራም። ብስባሽ ለማዘጋጀት ከመስከረምና ከጥቅምት የተሻለ ጊዜ የለም። አረም፣ የወጥ ቤት ልጣጭ፣ ጭድ፣ ፍግና ጥቂት አመድ በየተራ ይነባበራሉ። በዝናብ ጊዜ ከመሬት በላይ ይከመራል፣ በበጋ ግን እርጥበቱ እንዳይጠፋ በጉድጓድ ይደረጋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይጨመርበትም።

በጋ

ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ይጠራል፤ ቀን ያሞቃል፣ ሌሊት ይበርዳል። በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ የቀኑና የሌሊቱ ሙቀት ልዩነት 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ከዚያ ከፍ ባለው ደጋ ውርጭ ይጥላል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንች፣ ፎሶሊያና ዱባ በአንድ ሌሊት ይጠቁራሉ፤ ጎመን፣ ካሮትና ባሮ ሽንኩርት ይችሉታል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚወርድ በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ ታችኛው አጥር ሥር ያለው መደብ ቀድሞ ይመታል። አፈሩን ከቀትር በኋላ ማጠጣት፣ ማታ ችግኙን በጭድ ወይም በባዶ ማዳበሪያ መሸፈንና ጠዋት መግለጥ ይረዳል። ጭስ ማጨስ ብዙ ቦታ ይደረጋል፤ ጥቅሙ ግን ከድካሙ ያነሰ ነው።

ውኃውን ማስላት ያስፈልጋል። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር ለምለም መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይጠጣል፤ 10 ካሬ ሜትር ማለት በየቀኑ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካንና ከዚያ በላይ ነው። ከጣሪያ የተጠራቀመ ውኃም የሚመስለውን ያህል አይዘልቅም። በ50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የጣለ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሺህ ሊትር ይጠጋል፣ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በክረምት ቶሎ ይሞላል። ይኸው ሮቶ ግን አሥር ካሬ ሜትሯን የሚያጠጣው ከ40 እስከ 50 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በበጋ መደብን ማሳነስ፣ አፈሩንም በጉዝጓዝ ሣር ወይም በጭድ መሸፈን ይሻላል። የልብስ እጣቢ በረኪና ከሌለበት ለጌሾና ለፍራፍሬ ዛፍ ይሆናል፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ግን አይሆንም። በአዲስ አበባ የአቃቂን ወንዝ ተከትሎ በተበከለ ውኃ የሚለማ አትክልት እንዳለ ለሚያውቅ ሰው የራስ ጓሮ ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

የበጋው ዋና ዓላማ ዐቢይ ጾም ነው። ይህ 55 ቀን የሚዘልቅ ጾም አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት ገብቶ በሚያዝያ ስለሚፈታ፣ አትክልት በብዛት የሚፈለግበት ጊዜና ውኃ የሚጠፋበት ጊዜ አንድ ይሆናሉ። ካሮትና ቀይ ሥር በጥቅምትና በኅዳር፣ ቆስጣና ሰላጣ በታኅሣሥና በጥር ቢዘሩ ይደርሱለታል። ሰላጣን በአንድ ቀን ሁሉንም ከመዝራት በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መዝራት ይሻላል።

ዝናብ ቅጠሉን ማጠብ ሲያቆም ክሽክሽ ጎመን ላይ ይሰፍራል። በትንሽ ጓሮ በእጅ ማሸት፣ የተጠቃውን ቅጠል መቅበር ወይም በሳሙና ውኃ ማጠብ ይበቃል። ቱታ አብሶሉታ ግን በዚህ አይመለስም፤ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የገባችው ይህች ትንሽ የእሳት ራት ትሏ የቲማቲሙን ቅጠልና ፍሬ ከውስጥ ትቦረቡራለች። የተቦረቦረውን ቅጠልና ፍሬ ወዲያው መልቀም፣ በቲማቲም ላይ ቲማቲም ወይም ድንች ደግሞ አለመትከል ቀዳሚው ጥንቃቄ ነው።

ፕሪም፣ ኮክና አፕል ቅጠላቸውን አራግፈው በሚያርፉበት በታኅሣሥና በጥር ይገረዛሉ።

በልግ

የበልግ ዝናብ በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋ የእርሻ መሠረት ሲሆን በጎጃም ግን እምብዛም አይታይም። የትም ቢሆን ግን አይታመንም፤ በየካቲት ሁለት ቀን ዘንቦ ለአንድ ወር ሊጠፋ ይችላል። መደቡ ተቆፍሮ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች እርጥበት ካልተገኘ፣ ማጠጫ የሌለው ሰው ዘሩን ቢያቆይ ይመረጣል። በሚያዝያና በግንቦት በረዶም ስለሚጥል የችግኝ ዳሱ አይፈርስም።

ከክረምት የሸሸው ድንች የሚተከለው እዚህ ነው። ለዘር የሚሆነው ደብዘዝ ያለ ብርሃን በሚያገኝ ቦታ ተዘርግቶ አጭርና ወፍራም ጉንቁል እስኪያወጣ ይጠበቃል፤ በጨለማ ጆንያ ውስጥ የከረመው የሚያወጣው ነጭና ረጅም ጉንቁል ሲተከል ይሰበራል። በየካቲት ተተክሎ እየተኮተኮተና አፈር እየታቀፈ ያደገ ድንች ከ100 እስከ 120 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ የሐምሌው ዶፍ ሳይመጣም ይወጣል። የድንቹ ፍሬ ከአፈር በላይ ፀሐይ ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው መርዛማ ስለሆነ አይበላም።

ዱባና በቆሎ በሚያዝያና በግንቦት ይዘራሉ። ፍግና አመድ ሲደፋበት የኖረ ቦታ ለሁለቱም ተስማሚ ነው፤ ዱባው የቆየ የፍግ ክምር ላይ ቢተከልም ይወደዋል። በቆሎው ለመስከረም እሸት ይደርሳል። አንድ ረድፍ ብቻ ተዘርቶ የተራራቀ በቆሎ ግን ፍሬው ይጎድላል፤ የሚዳቀለው በነፋስ ስለሆነ ሦስትና አራት ረድፍ አጠጋግቶ መዝራት ያስፈልጋል።

አቮካዶ፣ ጌሾ ወይም ሌላ ዛፍ የሚተክል ሰው ጉድጓዱን በግንቦት ይቆፍራል፤ ለፍራፍሬ ርዝመቱም፣ ስፋቱም፣ ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር። የላዩ አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይቀመጣል። ሲተከል የላዩ አፈር በበሰለ ብስባሽ ተደባልቆ ሥሩ ዘንድ ይገባል። ችግኙ ዝናቡ በደንብ ሲይዝ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ይተከላል፤ በነሐሴ ማለቂያ የተተከለው ሥሩን ሳያጠልቅ በጋው ይደርስበታል።