የተከለከለ ፍጻሜ

በ1952 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጎልድ ሜዳል የሚባል የርካሽ ኪስ መጽሐፍ አሳታሚ ውስጥ ማሪጄን ሚከር የምትባል ወጣት ጸሐፊ ከአርታኢዋ ከዲክ ካሮል ጋር ትነጋገራለች። ልትጽፍ ያሰበችው ኮሌጅ ውስጥ ስለሚዋደዱ ሁለት ልጃገረዶች ነው። አርታኢው ሐሳቡን አልጠላውም። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቃት፦ ልጆቹ በመጨረሻ ተደስተው መታየት የለባቸውም። ለምን ቢባል፣ ፖስታ ቤቱ መጽሐፉን ይወርሰዋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በአሜሪካ ከ1873 ጀምሮ «ጸያፍ» ኅትመት በፖስታ መላክ ወንጀል ነበር። የኪስ መጻሕፍት ደግሞ በፖስታ ይላኩ ነበር። ስለዚህ ገጸ ባሕርያቱ ተቀጥተው ካለቁ መጽሐፉ እንደ ማስጠንቀቂያ ይታያል፤ ተደስተው ካለቁ ግን እንደ ቅስቀሳ ይቆጠራል። ሚከር የተባለችውን አደረገች። «ስፕሪንግ ፋየር» ቪን ፓከር በሚል የብዕር ስም ወጣ። ሌዳ፣ የወንድ ጓደኛም ያላት፣ በመጨረሻ አእምሮዋ ተነክቶ ሆስፒታል ትገባለች። ሚች ደግሞ ከመነሻውም እውነተኛ ፍቅር አልነበረም ብላ ትደመድማለች። መጽሐፉ ወደ 1.5 ሚሊዮን በሚጠጋ ቅጂ ተሸጠ።

ይህ ቁጥር ልብ ሊባል ይገባዋል። ዛሬ በአሜሪካና በእንግሊዝ መጻሕፍት መደብሮች የወጣቶች መደርደሪያ ላይ ባይሴክሹዋል የሆነች፣ ማለትም ወንድንም ሴትንም ልታፈቅር የምትችል ልጃገረድ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችበት ሮማንቲክ ኮሜዲ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ይህ እንዴት መጣ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ርዕሰ ጉዳዩ ተፈቀደ» የሚል ነው። ርዕሰ ጉዳዩ ግን ያኔም በሚሊዮን ይሸጥ ነበር። ያልተፈቀደው ኮሜዲው ነው። ኮሜዲ ማለት ከጥንት ጀምሮ በእርቅ ወይም በሠርግ የሚያልቅ ታሪክ ነውና፣ ፍጻሜውን የከለከለ ዘውጉን ራሱን ከልክሏል።

ፊልሙም ከዚህ አላመለጠም። ከ1934 እስከ 1968 በሆሊውድ ላይ የተጫነው የሄይስ ደንብ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ጨርሶ ዘግቶ ቆየ። በ1961 ደንቡ ሲላላ ወዲያው የወጣው «ዘ ችልድረንስ አወር» ነበር። ሸርሊ ማክሌይን የተጫወተቻት መምህርት ለጓደኛዋ ፍቅሯን ከተናገረች ብዙም ሳይቆይ ራሷን ታጠፋለች። ማውራት ተፈቀደ፤ መኖር ግን ገና ነበር።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ «ታዲያ አሳዛኝ ፍጻሜ ምን ነውር አለው?» ቢል አይፈረድበትም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና በርዕሱ መጨረሻውን ተናግሮ ነው የሚጀምረው፤ ያም ሆኖ ትውልድ ሲወደው ኖሯል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ወደ መቃብር ሲወስዱ ፍርዱ የሚያርፈው በዘርና በማዕረግ ሰው በሚለየው ሥርዓት ላይ ነው፤ አንባቢ የሚያለቅሰው ለፍቅረኞቹ ነው። በፖስታ ቤት ፍራቻ የተጻፈው ፍጻሜ ግን ፍርዱን በፍቅረኞቹ ራሳቸው ላይ ያሳርፋል። ደራሲ ሐዘንን ሲመርጥና ሐዘን በሕግ ሲታዘዝበት አንድ አይደለም።

በዚያው በ1952 አንድ መጽሐፍ ከዚህ ትእዛዝ አፈንግጧል። ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ ክሌር ሞርጋን በሚል ስም ያወጣችው «ዘ ፕራይስ ኦቭ ሶልት» ሁለቱን ሴቶች በተስፋ ነው የሚያሰናብታቸው። ሃይስሚዝ ግን መጽሐፉን በራሷ ስም ያወጣችው በ1990 ነው፤ 38 ዓመት ቆይታ። (ሚከርና ሃይስሚዝ ኋላ ተዋውቀው ፍቅረኞች ሆነዋል። ሚከር ስለዚያ ዘመን የጻፈችው ትዝታ በ2003 ታትሟል።)

ለወጣቶች የሚጻፈው ልቦለድ ወደዚህ ርዕስ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ቅጣቱንም ወርሶ ነው የገባው። ፈር ቀዳጅ በሚባለው የጆን ዶኖቫን የ1969 ልቦለድ ውስጥ የልጁ ውሻ በመኪና ተገጭቶ ይሞታል፤ ልጁም ቅጣት የወረደበት ይመስለዋል። በ1974 በወጣው የሳንድራ ስኮፔቶኒ ልቦለድም ሞቱ የመጣው በመኪና ነው። የዚያ ዘመን ደራሲዎች በመኪና አደጋ ላይ የነበራቸው እምነት ያስገርማል።

ወንድንም ሴትንም የምታፈቅር ገጸ ባሕርይ ደግሞ የተለየ ዕጣ ነበራት። መግደል አያስፈልግም፤ መመለስ ይበቃል። የሮዛ ጋይ «ሩቢ» (1976) በሃርለም የምትኖር የካሪቢያን ስደተኛ ቤተሰብ ልጅ ታሪክ ነው። ሩቢ ዳፍኒ የምትባል የክፍል ጓደኛዋን ታፈቅራለች፤ ዳፍኒ ትለያታለች፤ መጽሐፉም ወደ ወንድ ወዳጅ አቅጣጫ እየጠቆመ ይዘጋል። መጽሐፉ ስለ ስደትና ስለ ጨቋኝ አባት የሚናገረው ብዙ ነገር አለው፤ ፍቅሩ ግን እንደ ማለፊያ ድልድይ ነው የቀረው። ለዚህች ገጸ ባሕርይ ወንድ ሁልጊዜ የተከፈተ የመውጫ በር ነበር፤ ደራሲ በቸገረው ቁጥር በዚያ በር ያሾልካታል።

ለውጡን ያመጣችው ናንሲ ጋርደን ነች። በልጅነቷ የራድክሊፍ ሆልን «ዘ ዌል ኦቭ ሎንሊነስ» አንብባ ነበር፤ በ1928 በእንግሊዝ የታገደው፣ በሐዘን የሚያልቀው መጽሐፍ። አንድ ቀን በደስታ የሚያልቅ እጽፋለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገባች። በ1982 «አኒ ኦን ማይ ማይንድ» ወጣ። በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገናኙ ሁለት ወጣት ሴቶች ብዙ ዋጋ ከፍለው በመጨረሻ በስልክ ይገናኛሉ። ያ የስልክ ጥሪ ዘውጉን ቀየረው።

ዋጋ ግን አስከፍሏል። መጽሐፉ በካንሳስ ሲቲ አካባቢ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች በስጦታ ሲሰጥ በ1993 አደባባይ ላይ ተቃጠለ። በካንሳስ ግዛት የኦሌት ከተማ የትምህርት አስተዳደር ከቤተ መጻሕፍቱ አወጣው። ተማሪዎችና ወላጆች ከሰሱ። በ1995 የፌዴራል ዳኛው ቶማስ ቫን ቤበር መጽሐፉ ይመለስ ብለው ፈረዱ። የፍርዱ ፍሬ ነገር አስተዳደሩ መጽሐፉን ያወጣው በይዘቱ ጥራት ማነስ ሳይሆን ሐሳቡን ስላልወደደው ነው የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ፈጠነ። በ2001 የሳራ ራያን «ኢምፕረስ ኦቭ ዘ ወርልድ» ከዚያ በፊት ወንዶችን የወደደች ኒኮላ የምትባል ልጅ በክረምት ትምህርት ቤት ሴት ስታፈቅር አሳየ፤ ያለ ሞት፣ ያለ መመለሻ በር። በ2018 የቤኪ አልበርታሊ «ሊያ ኦን ዘ ኦፍቢት» ሙሉ ሮማንቲክ ኮሜዲ ሆኖ መጣ። ሊያ ከበሮ መቺ ናት፤ ምላሷ ስለታም ነው። ጥሩ ልጅ የሆነ ወንድ ለትምህርት ቤቱ የጭፈራ ምሽት ይጋብዛታል፤ ልቧ ግን ጓደኛዋ አቢ ጋ ነው። የድሮው በር እዚህም ተከፍቶ ይታያል። ሊያ ግን አትወጣበትም። ቀልዱም ልብ ሰቀላውም ከዚያ ይመነጫል።

አልበርታሊ ራሷ የገጠማት ግን አያስቅም። «የራስሽ ያልሆነ ሕይወት ትጽፊያለሽ» የሚለው ወቀሳ ለዓመታት ሲከተላት ቆይቶ በ2020 ባይሴክሹዋል መሆኗን ተገዳ ይፋ አደረገች። ወቃሾቹ ደግሞ ሳንሱር አድራጊዎች አልነበሩም፤ ለዘውጉ የሚቆረቆሩ አንባቢዎች ነበሩ።

በ1952 አሜሪካ ውስጥ ዝግ ቢሮ የተነገረው ቅድመ ሁኔታ ከ66 ዓመት በኋላ በጎረቤት ኬንያ በአደባባይ ተደገመ። የዋኑሪ ካሂዩ «ራፊኪ» በካን ፌስቲቫል የታየ የመጀመሪያው የኬንያ ፊልም ነው። መነሻው ኡጋንዳዊቷ ሞኒካ አራክ ደ ኒዬኮ በ2007 የኬን ሽልማት ያገኘችበት «ጃምቡላ ትሪ» የተሰኘ አጭር ልቦለድ ነው። ኬናና ዚኪ የሁለት ተፎካካሪ ፖለቲከኞች ልጆች ናቸው። በፊልሙ ውስጥ ሰፈርተኛ ሲደበድባቸው ይታያል፤ ድብደባው ግን መጨረሻው አይደለም።

የኬንያ የፊልም ምደባ ቦርድ ፊልሙን በሚያዝያ 2018 አገደው። ካሂዩ እንደተናገረችው ቦርዱ ከሁሉ በላይ ያልተዋጠለት ፍጻሜው ነበር፤ ጸጸት የለበትም፣ ተስፋ በዝቶበታል በሚል እንድትቀይረው ጠየቃት። እምቢ አለች። ካሂዩ «አፍሮባብልገም» የምትለውን አስተሳሰብ ስትሰብክ የቆየች ናት፤ አፍሪካዊ ኪነ ጥበብ ሁልጊዜ ጦርነትና በሽታ ብቻ መሆን የለበትም፣ መጫወትና መፈንደቅም መብቱ ነው የሚል። እንዲህ ያለች ሰው ፍጻሜዋን አሳልፋ ትሰጣለች ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነበር።

በመስከረም 2018 ዳኛ ዊልፍሪዳ ኦክዋኒ ፊልሙ ለኦስካር እጩነት መቅረብ እንዲችል እገዳውን ለ7 ቀን አነሱት። በዚያች ሳምንት የናይሮቢ ሲኒማ አዳራሾች ሞልተው ታዩ። በ2020 ሌላ ዳኛ የቦርዱን እገዳ ሕጋዊ ነው ብለው አጸኑት። በ7ቱ ቀን የገባው ተመልካች ግን ቦርዱ ይቀየር ያለውን መጨረሻ አይቶታል። ዚኪ ከዓመታት በኋላ ከለንደን ትመለሳለች፤ ኬና ድምጿን ትሰማለች፤ አንድ እጅ ትከሻዋ ላይ ያርፋል፤ ፊልሙም እዚያው ያልቃል።