በርካሽ ዋጋ የሚያበር አየር መንገድ የታላቅ ክለብ ማልያ ስፖንሰር ቢሆን ያዋጣዋልን?

በገበያ ቀን ወደ አንዲት የገጠር ከተማ ጎራ ያለ ሰው እህል የጫነ አህያ የሚነዳ ወጣት የአርሰናልን ማልያ ለብሶ ማየቱ የተለመደ ነው። በወጣቱ ደረት ላይ “ፍላይ ኤምሬትስ” የሚል ጽሑፍ አለ። ወጣቱ በዚያ አየር መንገድ በርሮ ላያውቅ ይችላል፤ ስሙን ግን ያውቀዋል። ማስታወቂያው ስምን በማስተዋወቅ ረገድ ተልእኮውን ፈጽሟል ማለት ነው። ስም ማወቅና ትኬት መግዛት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ልዩነት ባለጸጋ አየር መንገዶች ሊችሉት ይችላሉ። ከእያንዳንዱ ተሳፋሪ ጥቂት ሳንቲም እየለቀሙ የሚኖሩት በርካሽ ዋጋ የሚያበሩ አየር መንገዶችስ? ይህ ጽሑፍ በእንግሊዝ እግር ኳስ የታዩ ተሞክሮዎችን መሠረት አድርጎ ጥያቄውን ይመረምራል። “ዓ.ም” ያልተባለባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ርካሽ ትኬት ከየት ይመጣል?

የዚህ አሠራር ፈር ቀዳጅ ተደርጎ የሚጠቀሰው በ1971 በአሜሪካ ቴክሳስ በረራ የጀመረው ሳውዝዌስት ነው። በአውሮፓ ራያንኤርና በ1995 የተመሠረተው ኢዚጄት ተከትለውታል። የአሠራሩ ምሥጢር ወጪን መቆጠብ ነው። አንድ ዓይነት አውሮፕላን በብዛት ይገዛሉ፤ ይህም የጥገናና የሥልጠና ወጪን ይቀንሳል። አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ በግማሽ ሰዓት ገደማ ተመልሶ እንዲነሣ ያደርጋሉ፤ መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ገቢ አያስገኝምና። ምግብና የሻንጣ ጭነት ለየብቻ ይከፈልባቸዋል።

ማስታወቂያቸውም ቁጠባን የተከተለ ነው። ኢዚጄት ሥራ ሲጀምር የትኬት መሸጫ ስልክ ቁጥሩን በአውሮፕላኖቹ ጎን ላይ በትልቁ አስጽፎ ነበር። አውሮፕላኑ ራሱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሆነለት፤ ለቦታው ኪራይ የሚከፈል አልነበረም።

የወጪና የገቢው ስሌት

የማልያ ስፖንሰርነት ግን ኪራዩ ከባድ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ አንድ አየር መንገድ ለአንድ ክለብ በዓመት 2 ነጥብ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ይከፍላል እንበል። ከአንድ ተሳፋሪ የሚተርፈው 5 ፓውንድ ቢሆን፣ ወጪውን ለመመለስ ብቻ 500 ሺህ ተጨማሪ ተሳፋሪዎች ያስፈልጉታል። 180 መቀመጫ ባለው አውሮፕላን ሲሰላ ይህ ሙሉ በሙሉ የሞሉ 2 ሺህ 800 ያህል በረራዎች ማለት ነው። እነዚህ ተሳፋሪዎች ደግሞ ማልያውን ባያዩ ኖሮ የማይመጡ መሆን አለባቸው። ይህ ካልተሳካ ወጪው በትኬት ዋጋ ላይ ይጨመራል፤ አለዚያም ከትርፍ ይቀነሳል። የትኬት ዋጋ ከጨመረ ድርጅቱ የሚታወቅበትን ርካሽነት ያጣል።

የዌስት ሃም ማልያ

ለክለቦች ትልቁ ትምህርት የተገኘው ከለንደኑ ዌስት ሃም ዩናይትድ ነው። ክለቡ በ2007 ኤክስ ኤል ከተባለ የጉዞ ድርጅት ጋር የሦስት ዓመት የማልያ ስምምነት ተፈራረመ፤ የስምምነቱ ዋጋ 7 ነጥብ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ኤክስ ኤል የእረፍት ጊዜ ተጓዦችን በራሱ አውሮፕላኖች ያጓጉዝ ነበር፤ የሚወዳደረውም በርካሽ ዋጋ ከሚያበሩ አየር መንገዶች ጋር ነበር።

በሐምሌ 2000 ዓ.ም የአንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ 147 ዶላር ደረሰ። በነዳጅ ዋጋና በተቀዛቀዘው ገበያ መካከል የተጨነቀው ኤክስ ኤል መስከረም 2 ቀን 2001 ዓ.ም ሥራውን አቆመ። ከ80 ሺህ በላይ ተጓዦች በባዕድ አገር ቀሩ። በማግስቱ ዌስት ሃም ከዌስት ብሮሚች አልቢዮን ጋር ሲጫወት የወደቀው ድርጅት ስም ከማልያው ላይ ጠፍቶ ነበር። ማልያውን ቀደም ብሎ ለልጁ የገዛ ደጋፊ ግን በእጁ የቀረው የሌለ ድርጅት ስም ነው።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። የክለቡ ባለቤት የነበሩት አይስላንዳዊው ባለሀብት ዋና ባለድርሻ የሆኑበት ላንድስባንኪ የተባለው ባንክም በዚያው መስከረም ማብቂያ በመንግሥት እጅ ገባ። ክለቡ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱም ምሰሶዎቹ ተናጉበት። ከጥቂት ወራት በኋላ ያገኘው አዲስ ስፖንሰር የስፖርት ውርርድ ድርጅት ነበር። አርሶ አደሩ እንደሚያውቀው፣ ገበያ በወረደበት ቀን ገዢ የሚፈልግ ሻጭ የመምረጥ ዕድሉ ጠባብ ነው።

በረራውና ደጋፊው ሲገናኙ

ይህ ሲባል ግን ስምምነቱ ሁልጊዜ አክሳሪ ነው ማለት አይደለም። ፍላይቢ የተባለው የእንግሊዝ አየር መንገድ ከ2006 እስከ 2010 ስሙን በሳውዝሃምፕተን ክለብ ማልያ ላይ አሳርፎ ነበር። የሳውዝሃምፕተን አውሮፕላን ማረፊያ ለፍላይቢ ዋነኛ መነሻዎች አንዱ ስለነበር፣ ስሙን በስታዲየም ያየው ደጋፊ በማግስቱ ትኬት ሊገዛ የሚችል የአካባቢው ነዋሪ ነው። ክለቡ በ2009 ወደ ሦስተኛው እርከን ሲወርድም ስሙ በማልያው ላይ ቆይቷል። ፍላይቢ ራሱ የወደቀው ዘግይቶ በ2020 ነው።

የማሌዥያው ኤርኤዥያ በ2005 ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ሲስማማ የመረጠው መንገድ ሌላ ነበር። ማልያውን ሳይከራይ፣ የክለቡን ተጫዋቾች ምስል በአውሮፕላኑ አካል ላይ አሳለ። ክለቡ በእስያ ብዙ ደጋፊ ስላለው ማስታወቂያው ከበረራ መስመሩ ጋር ተገናኘ።

የኤምሬትስ ጉዳይ ከእነዚህ ይለያል። አየር መንገዱ ከብዙ አህጉራት ተሳፋሪ እየሰበሰበ በዱባይ በኩል ያሻግራል። ስለዚህ በየትኛውም ክፍለ ዓለም ማልያውን የሚያይ ሰው ደንበኛው ሊሆን ይችላል። አጭር መስመር ብቻ ለሚበር ርካሽ አየር መንገድ ግን በሩቅ አገር ያለ ተመልካች ባዶ ቁጥር ነው።

ምን እንማራለን?

ከእነዚህ ተሞክሮዎች የሚገኘው መልስ ግልጽ ነው። በርካሽ ዋጋ የሚያበር አየር መንገድ የማልያ ስፖንሰር መሆን ያለበት የክለቡ ደጋፊዎች በብዛት የሚኖሩት አውሮፕላኖቹ በሚነሡበት ከተማ ሲሆን፣ ክፍያውም በክፉ ዓመት ሊቋቋመው የሚችል ሲሆን ብቻ ነው። ዓለም አቀፍ ደጋፊ ያለው ታላቅ ክለብ ግን ዋጋውን የሚያሰላው በዓለም ዙሪያ ባለው ተመልካች ልክ ነው። ስለዚህ ለአብዛኞቹ ርካሽ አየር መንገዶች መጠነኛ የሆነ የአካባቢ ክለብ ይሻላቸዋል።

ክለቡም በበኩሉ የዓመቱን ክፍያ በቅድሚያ መቀበል፣ የባንክ ዋስትና መጠየቅና ስፖንሰሩ ቢወድቅ ወዲያውኑ ሌላ ለመፈለግ የሚያስችል አንቀጽ በውሉ ማስገባት ይጠበቅበታል። ገቢውን በአንድ ከፋይ ላይ ብቻ መመሥረት የለበትም።

ትምህርቱ ከእንግሊዝ ውጭም ይሠራል። በአገራችን ከተሞችም ክለቦች ከቢራ ፋብሪካና ከባንክ ጋር ይዋዋላሉ፤ አርሶ አደሮችም ምርታቸውን ለፋብሪካ ለማቅረብ ውል ይገባሉ። የገዢው ስም ትልቅ መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይደለም። ከፊርማ በፊት “ይህ ድርጅት ነገ ቢወድቅስ?” ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ።