ከሌስቦስ ደሴት የወጣ ስም

«ሌዝቢያን» የሚለው ቃል ሥረ መሠረቱ በኤጂያን ባሕር፣ ከቱርክ ጠረፍ አጠገብ ያለችው የግሪክ ደሴት ሌስቦስ ናት። ቃሉ ለብዙ ዘመናት የደሴቲቱን ተወላጅና ምርት ያመለክት ነበር፤ የሌስቦስ ወይን ጠጅ በጥንቱ ዓለም ስመ ጥር ነበር። አርስቶትልም የሌስቦስ ግንበኞች በድንጋዩ ቅርጽ ልክ የሚተጣጠፍ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ መለኪያ እንደነበራቸው ጽፏል።

ለቃሉ አዲስ ትርጉም ያተረፈችለት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ገደማ በደሴቲቱ የኖረችው ባለቅኔ ሳፎ ናት። ክራር በሚመስል መሣሪያ ታጅቦ ይዜም የነበረው ግጥሟ ለሴቶች ያላትን ፍቅርና ናፍቆት ሳይደብቅ ይናገራል። የእስክንድርያ ሊቃውንት ሥራዋን በበርካታ ጥቅሎች ሰብስበውት ነበር። ዛሬ ሙሉ ሆኖ የሚነበበው ግን ለፍቅር እንስት አምላክ ለአፍሮዲቴ ያቀረበችው ልመና ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የቀረው ቁርጥራጭ ነው፤ ከፊሉም በግብፅ፣ በኦክሲሪንከስ ከጥንት የቆሻሻ ክምር በወጣ ፓፒረስ ላይ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ቅኔ መጥፋቱ እጅግ ያሳዝናል።

ቃሉ ሴት የምታፈቅር ሴት መጠሪያ ሆኖ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ጉዳዩን እንደ ሕመም በሚቆጥሩ የአውሮፓ ሐኪሞች ጽሑፍ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት ሴቶቹ ራሳቸው ስሙን በኩራት ያዙት። እ.ኤ.አ. በ2008 ጥቂት የደሴቲቱ ነዋሪዎች ስሙ የእኛ ብቻ ይሁን ብለው አቴንስ ውስጥ ክስ ቢመሠርቱም ፍርድ ቤቱ ጥያቄያቸውን ውድቅ አደረገው።