ቀብድ የበላ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የባሕር ዳር ነው፣ ከቤቴ ጥቂት እርምጃ ርቆ የሆነ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጌም ቤት አለ። አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ፕሌይስቴሽን፣ ግድግዳውን ተጠግቶ የእንጨት አግዳሚ። ልጆቹ የሚከፍሉት በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ተራ የደረሰው ይቀመጣል። ባለቤቱን እናቱ ጣና ዳር አሳ እየቸረቸሩ ነው ያሳደጉት። እኒህን ሴት ጠዋት ከታንኳ ላይ ሲገዙ አይቻቸዋለሁ። ቆሮሶውን አንስተው ስንጥቡን በአውራ ጣታቸው ገለጥ ያደርጋሉ። ቀልቶ ከታያቸው ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ከጠቆረ ቃል ሳይተነፍሱ መልሰው ያስቀምጡታል። መቀነታቸው የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው።

ልጁ ግን በ2016 ዓ.ም. ሳያይ ገዛ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጨዋታ ሊወጣ ነው ተባለ፤ ማስታወቂያው ልብ ይሰርቃል። ያኔ አዲስ ጨዋታ በወጣበት ቀን 70 ዶላር ይባል ነበር። በፕሌይስቴሽን መደብር ላይ አገሬ ኢትዮጵያ ነው ብሎ መመዝገብ ስለማይቻል፣ ሲዲው የሚመጣው ውጭ ባለ ዘመድ፣ በመንገደኛ ሻንጣ ነው። ገንዘቡ አልሞላለት ሲል ከደንበኞቹ ከአሥሩ ሁለት ሁለት መቶ ብር ተቀበለ። «ቀብድ ነው፤ ሲመጣ ቀድማችሁ የምትጫወቱት እናንተ ናችሁ» አላቸው።

ሲዲው መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ፕላስቲኩን በጥርሱ ቀደደው፣ ሲዲውን ማሽኑ ውስጥ ከተተው። ማሽኑ መጀመሪያ ማሻሻያ ከኢንተርኔት አውርዱ አለ። ከየት ይወርዳል? በክልላችን የሞባይል ዳታ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ተቋርጦ ነበር። ማሻሻያውን ትቶ ከፈተው። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ የጨዋታው ሰው ግድግዳ ውስጥ ይሰምጣል፣ ከዚያ ቀጥ ይልና ይጠፋል። አራት ጊዜ ሞከረ። አምስተኛው ላይ ከልጆቹ አንዱ «ተወው ጋሼ፣ የድሮውን እንጫወት» አለው።

ማታ ለእናቱ ነገራቸው።

«ከልጆቹ የተቀበልከው ምንድን ነበር?» አሉት።

«ቀብድ ነው እማዬ።»

«እንግዲያው ቀብድ የበላ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል፣ ልጄ።»

ሕግ አንብበው አይደለም። ነገሩ ግን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ አጠፌታውን ይከፍላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እኛ ዘንድ ሳያይ ያመነ ሰው እምነቱ ዋጋ አለው፤ ያሳመነው ሰው ይጠየቅበታል። በጨዋታው ዓለም ግን ሳያይ ያመነው ራሱ ይቀጣል።

የፖላንዱን ሲዲ ፕሮጄክት ታሪክ እዩ። «ሳይበርፐንክ 2077» የተባለውን ጨዋታውን 8 ሚሊዮን ገዢ ገና ሳይወጣ አዘዘው። ታኅሣሥ 1 ቀን 2013 ወጣ። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ የሚንገዳገድ፣ በየደቂቃው የሚዘጋ ሆኖ ተገኘ። ታኅሣሥ 5 ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፤ በቆዩት ማሽኖች ላይ እንዴት እንደሚሠራ ከሽያጩ በፊት አለማሳየቱን፣ ገዢውም አመዛዝኖ እንዳይወስን ማድረጉን በራሱ አንደበት አመነ። የአሳውን ስንጥብ ሸፍኖ ሸጠ ማለት ነው። የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ በቀናት ውስጥ ጨዋታውን ከመደብሩ አነሳ፣ ገንዘብ ለሚጠይቅም ለመመለስ ተስማማ፤ ጨዋታው ወደ መደብሩ የተመለሰው ከስድስት ወር በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር ዓመታት ወስደው ጠገኑት፤ ዛሬ የሚያመሰግነው ብዙ ነው። ግን ማን ተጠቀመ? ቆይቶ የገዛው የተጠገነውን በርካሽ አገኘ። ቀድሞ ያመነው የተሰበረውን በሙሉ ዋጋ ወሰደ። እኔ ይህን ንግድ አልለውም።

ወደ ልጃችን ልመለስ። በሁለት ወር ውስጥ ለእያንዳንዳቸው አራት አራት መቶ ብር መለሰ። ዘጠኙ ወሰዱ፤ አንዱ «የሰጠሁህን ብቻ» ብሎ ሁለት መቶውን አስቀረለት። ማሽኑን በጋቢ ጠቅልሎ በመንገደኛ አዲስ አበባ ላከው፤ ማሻሻያው እዚያ ተጭኖበት ተመለሰ። ሲዲውን የሸጠው ኩባንያ ለእሱ የመለሰለት ሳንቲም የለም።

ውጭ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ታናናሾቻችሁ ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር፣ ከደሴ ደውለው «አዲሱ ጌም በወጣበት ቀን ግዛልኝ» ሲሏችሁ አንድ ወር አቆዩት። መጀመሪያ የተጫወተ ሰው ጠይቁ፤ ያለ ኢንተርኔት ይከፈት እንደሆነም ጠይቁ። ከዚያ ላኩላቸው።